በጥንታዊ የፋርስ የብር ዕቃዎች ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ ማን ይናገራል?

ተርጓሚው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጥንታዊት ፋርስ የብር ዕቃዎች አጭር ማብራሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ሳለ ግራ የሚያጋባ ነገር ስለ ገጠመኝ፣ በዘርፉ ያነበባችሁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከፊቴ ሁለት ፎቶግራፎች አሉ። በመጀመሪያው የሚታየው ሰፊና ጎድጓዳነቱ አነስተኛ የሆነ የብር ሳህን ነው፤ ከመካከሉ ተነሥተው እንደ አበባ ቅጠል የሚዘረጉ ጉብታዎች አሉት፤ በጠርዙ ውስጠኛ ገጽ ዙሪያውን ደግሞ በጥንታዊ ፋርስኛ ኩኒፎርም (የሽብልቅ ቅርጽ ባለው ፊደል) አንድ መስመር ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ጽሑፉ ንጉሡን አርጤክስስን በስም ይጠራዋል፤ የንጉሡ ምስል ግን የትም የለም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ900 ዓመት ገደማ የሚዘገይ፣ በሳሳኒያን ነገሥታት ዘመን የተሠራ ሳህን ነው። በእርሱ ላይ ዘውድ የደፋ ንጉሥ ፈረስ እየጋለበ የዱር በጎችን በቀስት ሲያድን ይታያል፤ እዚህ ደግሞ ምስሉ እያለ ስሙ የለም። ይባስ ብሎ፣ ከዚሁ ዓይነት ሳህኖች አንዳንዶቹ በጀርባቸው ጽሑፍ እንዳላቸው፣ ጽሑፉ ግን የንጉሥ ሳይሆን ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ስምና አንድ ቁጥር ብቻ እንደ ሆነ አነበብሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ስሙ ካልተጻፈ የአዳኙ ንጉሥ ማንነት በምን ይታወቃል? ስሙ የተጻፈበትስ ዕቃ በእርግጥ የዚያ ንጉሥ ለመሆኑ ምን ያህል መተማመን ይቻላል? በተጨማሪም ግሪኮች «ፊያሌ» የሚሉትን የመጀመሪያውን ዓይነት ዕቃ በአማርኛ «ሳህን» ልበለው ወይስ «ጽዋ»?

ድንጋይ አንባቢ

ከመጨረሻው ልጀምርና፣ እኔ «ጽዋ» የሚለውን እመርጣለሁ። ቅርጹ ሳህን ቢመስልም አገልግሎቱ ለመጠጥ ነው፤ ጽሑፉም ራሱ ዕቃውን «ባቱጋራ» ይለዋል፤ ትርጉሙም የመጠጫ ዕቃ ማለት ነው። «ሳህን» ብለው ከተረጎሙት አንባቢው ምግብ የሚቀርብበት ይመስለዋል። ቅርጹ ግልጽ እንዲሆን ካስፈለገ «ሳህን መሰል ጽዋ» ማለት ይቻላል።

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ፣ ይዘቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ «አርጤክስስ፣ ታላቁ ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት፣ የአገሮች ንጉሥ፣ የንጉሡ የዜርክሲስ ልጅ፣ ዜርክሲስም የንጉሡ የዳርዮስ ልጅ የሆነ፣ አኬመኒዳዊው፤ ይህ የብር መጠጫ በቤቱ የተሠራ።» «አኬመኒዳዊው» ማለት የአኬመኒድ ሥርወ መንግሥት ተወላጅ ማለት ነው። እዚህ ላይ ለተርጓሚ የሚያስደስት ነገር አለ፤ የጥንታዊ ፋርስኛው ማዕረግ ቃል በቃል «የነገሥታት ንጉሥ» ስለሆነ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ቃላችን ያለ ምንም መጎተት ልክ ይገጥምለታል።

የተጠራው ንጉሥ ቀዳማዊ አርጤክስስ ነው፤ የነገሠውም ከ465 እስከ 424 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። አንባቢዎችዎ እንዳይሳሳቱ አንድ ማስታወሻ ቢጨምሩ መልካም ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በመጽሐፈ አስቴርም በመጽሐፈ ዕዝራም «አርጤክስስ» የሚል ስም ቢገኝም፣ ብዙ ሊቃውንት የአስቴሩን ንጉሥ አባትየው ዜርክሲስ ነው ይላሉ። ይህን ጽዋ ያሠራው ልጁ ነው።

የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ያላቸው የሚታወቁ የብር ጽዋዎች አራት ናቸው። አንዱ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ አንዱ በዋሽንግተን ፍሪር ጋለሪ፣ አንዱ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ አንዱም በቴህራን ረዛ አባሲ ሙዚየም ይገኛሉ። የአፋቸው ስፋት ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለምሁራን ዓለም ያስተዋወቃቸው በ1930ዎቹ ጀርመናዊው አርኪዮሎጂስት ኤርንስት ሄርዝፌልድ ሲሆን፣ ከኢራን ከተማ ከሃማዳን እንደ ተገኙ ይነገራል። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዋናው ቃል «ይነገራል» የሚለው ነው፤ በቁፋሮ ሲወጡ ያየ አርኪዮሎጂስት የለምና።

ስለዚህ መጠራጠር ተገቢ ነበር፤ ተጠራጥረውም ነበር። የነገሥታቱ የድንጋይ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቋንቋ ሲሆኑ እነዚህ በአንድ ቋንቋ ብቻ ናቸው። ሰዋስዋቸውም ሸካራ ነው። ከሁሉ በላይ ያነጋገረው ግን «ብር» ተብሎ የሚተረጎመው ቃል ነው፤ ዳርዮስ በሱሳ ስላሠራው ቤተ መንግሥት በጻፈው ጽሑፍ ብርን የሚጠራበት ቃል «አርደታ» ሆኖ ሳለ፣ በጽዋዎቹ ላይ ያለው ቃል ከዚያ የተለየና በሌላ ቦታ የማይታወቅ ነው። ይሁን እንጂ እኔ በዚህ ክርክር አልረታም። ሐሰተኛ ሠሪ ከታወቁ ጽሑፎች ይቀዳል እንጂ ማንም የማያውቀውን ቃል ፈጥሮ ራሱን ለጥርጣሬ አያጋልጥም። የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያዎችም የእነርሱን ጽዋ መርምረው በ1995 ባሳተሙት ጥናት ዕቃው ጥንታዊ ነው ከሚለው ጎን ቆመዋል።

«በቤቱ የተሠራ» የሚለውን ሐረግ በጥንቃቄ ይያዙት። «ቤት» የሚለው ቃል በጥንታዊ ፋርስኛ መኖሪያውን ብቻ ሳይሆን የንጉሡን ግቢና ቤተ ሰብ ጭምር ያመለክታል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ጽዋው ከየት እንደ ወጣ ይመሰክራል እንጂ ለማን እንደ ተሰጠ አይናገርም። ንጉሡ የብርና የወርቅ ጽዋ ለባለሟሎቹ ይሸልም እንደ ነበር ከግሪክ ጸሐፊዎች እናውቃለን፤ የግቢው ጽሑፍ ያለበት ጽዋ የያዘ ሰው ከማን እጅ እንደ ተቀበለ መናገር አያስፈልገውም ነበር። ሄሮዶቱስም የዜርክሲስ ሠራዊት በከተሞች ሲስተናገድ የሆነውን ሲተርክ፣ ነዋሪዎቹ ለንጉሡ ማዕድ የወርቅና የብር ጽዋዎችን አሠርተው ያቀርቡ እንደ ነበር፣ እንግዶቹም በማግስቱ ድንኳኑን ነቅለው የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ይዘው ይሄዱ እንደ ነበር ጽፏል።

የሳንቲም ወዳጅ

ስለ ሁለተኛው ሳህን እኔ ልመልስ፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው በሳህኑ ላይ ሳይሆን በሳንቲም ላይ ነው። ሳሳኒያን ነገሥታት (ከ224 እስከ 651 እ.ኤ.አ. የገዙት) በሳንቲሞቻቸው ላይ ምስላቸውን ከነስማቸው ያትሙ ነበር፤ አብዛኞቹም የየራሳቸው የዘውድ ቅርጽ ነበራቸው። የአንዱ ዘውድ እንደ ግንብ ጥርስ ያለው ነው፤ የሌላው ክንፍ አለው፤ የሌላው በፊት ለፊቱ ጨረቃ አለበት። ስለዚህ ተመራማሪዎች በሳህኑ ላይ ያለውን ዘውድ ከሳንቲሙ ጋር ያስተያዩና ንጉሡን ይለያሉ። ዳግማዊ ሻፑር (309–379) የተለየው በዚህ መንገድ ነው።

ዘዴው ግን ሁልጊዜ አይሠራም። የእርስዎ ባለ ዱር በግ ሳህን በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው ከሆነ፣ ሙዚየሙ ራሱ «ፔሮዝ ወይም ቀዳማዊ ካዋድ» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ የግንብ ጥርስና ጨረቃ ያለበት ዘውድ ለሁለቱም ሊሆን ስለሚችል ነው። ፔሮዝ የሞተው በ484 ነው፤ ካዋድ ደግሞ እስከ 531 ኖሯል፤ እንግዲህ «ወይም» የምትለው አንዲት ቃል የግማሽ ምዕተ ዓመት ልዩነት ተሸክማለች። እባክዎ በትርጉምዎ ውስጥ አይጣሏት። በሌሎች ሳህኖች ላይ ደግሞ አንጥረኛው የሁለት ነገሥታትን ዘውድ ቀላቅሎ፣ ወይም ከሞተ ንጉሥ ዘውድ ቀድቶ የሠራ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ሥርወ መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ወይም ከመካከለኛው ግዛት ርቆ የተሠራ ነው ተብሎ ይገመታል።

በጀርባው ያለው ጽሑፍ ፓህላቪ በሚባለው በመካከለኛው ፋርስኛ ነው። ብዙውን ጊዜ በመቅረጫ የተሳበ ሳይሆን በሹል ነገር ነጥብ በነጥብ የተመታ ነው፤ የሚገኘውም በሳህኑ መቀመጫ ቀለበት ውስጥ ወይም በዳር፣ ከእይታ ውጭ ነው። የሚናገረው ሁለት ነገር ነው፦ የባለቤቱን ስምና ክብደቱን። ክብደቱ የሚገለጸው በብር ሳንቲሙ መለኪያ፣ በድራክማ ነው፤ አልፎ አልፎም አራት ድራክማ በሚያህለው በስታቴር ነው። አስገራሚው ነገር፣ የድራክማው ቃል የተጻፈው በአራማይክ ሆሄያት በአራማይክ ቃል ሆኖ ሳለ የሚነበበው በፋርስኛ መሆኑ ነው። እኛ «፲» ብለን ጽፈን «አስር» ብለን እንደምናነበው ዓይነት ነው፤ የፓህላቪ ጸሐፊዎች ግን ይህን በቁጥር ብቻ ሳይወሰኑ በብዙ መቶ ቃላት ላይ ያደርጉት ነበር።

ስሙ የባለቤት እንጂ የንጉሥ ያልሆነበት ምክንያት፣ የጻፈው የንጉሡ ግቢ ሳይሆን ዕቃው እጁ የገባው ሰው ወይም የእርሱ ዕቃ ጠባቂ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የጽሑፉ ዘመን የሳህኑ ዘመን ላይሆን ይችላል፤ ሳህኑ ከተሠራ ከመቶ ዓመት በኋላ የተጻፈ ስም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ዕቃዎች በሶግድኛ (በመካከለኛው እስያ ጥንታዊ ቋንቋ) ተጽፎባቸው የሚገኙትም፣ ከፋርስ ወጥተው በሰመርቃንድና በቡኻራ አካባቢ ሰዎች እጅ ስለ ዞሩ ነው። ከጥንቶቹ መካከል በጆርጂያ የተገኘው ጎድጓዳ ዕቃ ታዋቂ ነው፤ በእርሱ ላይ የተጻፈው ስም ፓፓክ የሚባል፣ «ቢደኽሽ» የሚል ከፍተኛ የአገረ ገዥነት ማዕረግ የነበረው ሰው ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ የዕቃው ክብደት ይከተላል። እንዲህ ያለ ታላቅ ሹም እንኳ ክብደቱን ማስጻፉን አስተውሉ።

ተርጓሚው (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ «ጽዋ» የሚለውን ተቀብያለሁ። ነገር ግን የክብደቱ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። እንዲህ ባማረ ዕቃ ላይ ስንት እንደሚመዝን መጻፍ ውበቱን ማራከስ አይሆንም? ወይስ ሌላ ጥቅም ነበረው?

አንጥረኛው

እኔ የምተዳደረው በብር ሥራ ስለሆነ፣ ስለ ቋንቋው ባላውቅም ስለዚህ ጉዳይ የምለው አለኝ። ለእኛ ክብደቱን መጻፍ ዕቃውን ማራከስ አይደለም። ብር ሲሰጥና ሲመለስ የሚመዘን ነገር ነው፤ ለአንጥረኛ የተሰጠው ጥሬ ብርና ከእርሱ የተረከቡት ዕቃ መመዛዘን አለባቸው፤ ዕቃ ቤት የገባውም ሲወጣ ያው መሆን አለበት። ከጠርዙ ሥር ጥቂት ተፍቆ ቢወሰድ በዓይን አይታወቅም፣ በሚዛን ግን ይታወቃል። በቀዳማዊ አርጤክስስ ዘመን ሆነ በተባለው በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 8 ዕዝራ የብሩን ዕቃ ለካህናቱ ሲያስረክብ፣ ዕቃዎቹ «መቶ መክሊት» ተብለው በሚዛን እንጂ በውበታቸው አይደለም የተጠቀሱት። በአርጤክስስ ጽዋ ጠርዝ ላይ ክብደቱ አልተጻፈም ማለት አልተመዘነም ማለት አይደለም።

አሠራራቸውንም ልጥቀስ፤ ከጽሑፉ ጋር ይያያዛልና። የአኬመኒዳውያኑ ጽዋ ከአንድ የብር ምጣድ መሰል ዝርግ እየተቀጠቀጠ የወጣ ነው። ብር ሲቀጠቀጥ ይጠጥራል፤ እንዳይሰነጠቅ በየመካከሉ በእሳት እየጋለ መለዘብ አለበት። የቅጠሎቹ ጉብታ ከውስጥና ከውጭ በመምቻ የተገፋ ነው። ጉብታዎቹ ለጌጥ ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ ቀጭኑን ብር ያጠነክሩታል፣ ጽዋውም በጣቶች ላይ ሲቀመጥ እንዳይንሸራተት ይይዙታል።

የሳሳኒያኑ ሳህን አሠራር ግን ሌላ ነው፤ እኔ መጀመሪያ ሳነበው አላመንሁም ነበር። የንጉሡ ራስ፣ የፈረሱ ደረት፣ የአውሬው ጭንቅላት ጎልተው ሲታዩ ከጀርባ ተገፍተው የወጡ ይመስላሉ፤ ጀርባውን ቢያዩት ግን ልሙጥ ነው። ያደርጉ የነበረው የሚጎላውን ክፍል ለብቻው ይሠሩና፣ በሳህኑ ፊት ላይ በዙሪያው ከብሩ ከንፈር መሰል ጠርዝ በመቅረጫ ያነሣሉ፤ ቁራጩን እዚያ ያስገቡና ከንፈሩን መልሰው በመዶሻ ይደፉበታል። ያለ ብየዳ፣ በመቆለፍ ብቻ ይይዛል። ከዚያ ከፊሉን በወርቅ ይለብጡታል፤ ወርቁን ከባዚቃ ጋር ለውሰው ይቀቡና ሲያሞቁት ባዚቃው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። ጢሱ መርዝ ነው፤ ስንቱ የእጅ ባለሙያ በዚያ እንደ ታመመ ቤቱ ይቁጠረው።

ጀርባው ልሙጥ መሆኑ ነው ለጽሑፍ ምቹ ያደረገው። ባለቤቱ በነጥብ መምታቱም ይገባኛል፤ የጽሑፍ መቅረጫ ጥሩ እጅ ይጠይቃል፤ ሹል ብረትና ትንሽ መዶሻ ግን የአንጥረኛ ሙያ የሌለው ጸሐፊም ሊይዛቸው ይችላል። የአርጤክስስን ጽዋ ጽሑፍ የቀረጸው ግን ባለሙያ ነው፤ በክብ ጠርዝ ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቃል ሳይጣበብ እንዲገናኙ አስቀድሞ ለክቶ ያከፋፈለ ሰው ነው።

የሳንቲም ወዳጅ

አንጥረኛው በሚገባ ገልጸውታል። በክብደቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሳሳኒያን የብር ድራክማ ሳንቲም ከአራት ግራም ጥቂት ስለሚበልጥ፣ የተጻፈውን ቁጥር በዚያ አባዝቶ ከዛሬው ክብደት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከተጻፈው ካነሰ፣ የጎደለ ክፍል ወይም የወደቀ ቁራጭ እንዳለ ይጠረጠራል። ቁጥሩን በሙዚየም ማብራሪያ ላይ ሲያገኙ እንደ ተራ ዝርዝር አይለፉት፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ከገንዘብ የተለየ አልነበረም፣ ቁጥሩም በሳንቲም ቢመነዘር ምን ያህል እንደሚሆን ይናገራል።

ሰሜን አቅጣጫ

ከጥያቄዎ አንዱ፣ ስለ መተማመን ያነሡት፣ በከፊል ብቻ ስለ ተመለሰ እኔም ልግባ።

ከሳሳኒያን የብር ዕቃዎች እጅግ ብዙዎቹ የተገኙት በኢራን ሳይሆን በሩሲያ፣ ከኡራል ተራራ በስተ ምዕራብ፣ በፔርምና በካማ ወንዝ አካባቢ ነው። ነጋዴዎች ለጸጉራም ቆዳ ልዋጭ ይዘዋቸው ሄዱ፤ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ገበሬዎች ሲያርሱ አገኟቸው። ብዙዎቹ በሩሲያዊው ባለጸጋ በስትሮጋኖቭ ቤተ ሰብ እጅ ገብተው በኋላ በሴንት ፒተርስበርግ ወዳለው ኤርሚታዥ ሙዚየም ተዛወሩ፤ ያኮቭ ስሚርኖቭም በ1909 በታላቅ የሥዕል መድብል አሳተማቸው። እዚያ ያሉ ሕዝቦች ዕቃዎቹን ለአምልኮ ይገለገሉባቸው ነበር፤ አንዳንዶቹ ላይ፣ በንጉሡ አደን ሥዕል አናት ላይ ሳይቀር፣ ሰይፍ የያዙ ሰዎችን ምስል በስል ነገር ጭረዋል። ስለዚህ በአንድ ሳህን ላይ የፋርሱ አንጥረኛ ሥዕል፣ የባለቤቱ ፓህላቪ ጽሑፍና የሰሜኑ ሰው ጭረት ሊገናኙ ይችላሉ። ይህ ለእኔ ከዘውዱ ይልቅ ያስደንቀኛል፤ ለእውነተኛነትም ጥሩ ምስክር ነው፤ ምክንያቱም ከመቶ ዓመት በፊት የዕቃ ሸማች ለማታለል እንዲህ የሚጭር ሰው ማሰብ ይከብዳል።

ዘመን ለመወሰን ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቁፋሮ ነው። በቻይና ዳቶንግ አጠገብ በ1981 በተቆፈረ መቃብር ውስጥ የከርከሮ አደን ያለበት የሳሳኒያን የብር ሳህን ተገኘ፤ መቃብሩ በ504 የተቀበረው ፌንግ ሄቱ የተባለ ሹም መሆኑ ከመቃብር ጽሑፉ ስለ ታወቀ፣ ሳህኑ ከዚያ ዓመት በፊት መሠራቱ አያከራክርም። የሚገርመው፣ አዳኙ ከሳንቲም ዘውዶች ጋር የሚገጥም ዘውድ ስላልደፋ ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። ዘመኑ የታወቀው ሳህን ላይ ያለው አዳኝ አይታወቅም፤ የሌሎቹ ንጉሥ ይታወቃል፣ መገኛቸው አይታወቅም።

የላቦራቶሪ ምርመራም አለ። በ1981 ፕሩደንስ ሃርፐርና ፒተር መየርስ በንጉሥ ምስል ባላቸው ሳህኖች ላይ ባሳተሙት ጥናት ብሩ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ለክተዋል። በጥንት ጊዜ ብር ከእርሳስ ማዕድን ተለይቶ ሲወጣ የወርቅና የእርሳስ ርዝራዥ አብሮት ይቀር ነበር፤ በኤሌክትሪክ የተጣራ የዘመናችን ብር ግን ይህ የለውም። ነገር ግን ይህ ምርመራ ሐሰተኛውን ያጋልጣል እንጂ እውነተኛውን አያረጋግጥም፤ አጭበርባሪው ጥንታዊ ሳንቲሞችን አቅልጦ ከሠራበት ርዝራዡ አለ፣ ዕቃው ግን የትናንት ነው።

በዚህ ረገድ ትልቁ ትምህርት በምዕራብ ኢራን የሚገኘው የሎሬስታኑ ካልማካሬ ዋሻ ነው። በ1989 ከዚያ ዋሻ ብዙ የብር ዕቃዎች ተዘረፉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በኤላምኛ (በደቡብ ምዕራብ ኢራን ጥንታዊ ቋንቋ) «የሰማቲ ንጉሥ» የሚሉ ጽሑፎች ነበሩባቸው፤ ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት የማያውቅ መንግሥት ነው። ይህ እንደ ታወቀ በዋሻው ስም የሚሸጠው ዕቃ በዛ። በ2013 አሜሪካ ለኢራን የመለሰችው የግሪፊን (ንስርና አንበሳ የተቀላቀሉበት የተረት አውሬ) ቅርጽ ያለው የብር መጠጫ እንኳ ከዚያ ዋሻ የወጣ ነው ቢባልም፣ ኦስካር ሙስካሬላ የተባሉት ምሁር ሐሰተኛ ነው ብለው ተከራክረዋል።

ተርጓሚው (ጠያቂ)

ከጠበቅሁት በላይ አግኝቻለሁ። የሥዕል መግለጫዎቹን እንዲህ ቀይሬያቸዋለሁ፦ የመጀመሪያው «በቀዳማዊ አርጤክስስ ስም የተጻፈበት የብር ጽዋ፤ ከሃማዳን እንደ ተገኘ ይነገራል»፤ ሁለተኛው «ፔሮዝ ወይም ቀዳማዊ ካዋድ የዱር በጎችን ሲያድን፤ ብር፣ በከፊል በወርቅ የተለበጠ»። «ባዚቃ» የሚለውን የአንጥረኛውን ቃልም «ሜርኩሪ» ብዬ ጽፌው የነበረውን ሰርዤ ተክቼዋለሁ።

ድንጋይ አንባቢ

መልካም ነው። ከተቻለ በመጀመሪያው ላይ «የተጻፈበት» ከሚለው ቀጥሎ «በጠርዙ ውስጠኛ ገጽ» የሚል ይጨምሩበት፤ ጽዋውን ሊጠጣበት የሚያነሣው ሰው የንጉሡን ስም ከዓይኑ ፊት ያገኘው ነበርና።